የኦቦ ኢቲቻ አውድማ

ድንቅቱ እንደ ወትሮዋ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣች። ፊቷን ታጥባ፣ ከማታ የተረፈውን ሽሮ አሞቀችና ግማሹን በልታ ግማሹን በምሳ ዕቃ ያዘች። ከቀሚሷ ሥር ሱሪዋን አጠለቀች፤ ሻሿን ግንባሯ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረች። በሩን ቆልፋ ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወጣች። አስፋልቱ ዳር የሚኒባስ ረዳቶች «አስኮ! አስኮ! ሁለት ሰው የቀረው!» እያሉ ይጮኻሉ፤ አዲስ አበባ የሚገባው ሠራተኛ እንቅልፉን ሳይጨርስ እየተጋፋ ይሳፈራል። እሷ አስፋልቱን ተሻግራ፣ በባሕር ዛፎቹ መካከል በሚወርደው ኮረኮንች ቁልቁል ሄደች። ከገፈርሳ በኩል የሚመጣው ነፋስ ጠዋት ጠዋት ጆሮ ይቆርጣል።

ኮረኮንቹ ወንዙ ጋ ያበቃል። ወንዙ ላይ አዲስ ድልድይ ተሠርቷል፤ ትንሽ ነው፣ ሰው በሃያ እርምጃ ይሻገረዋል። ለዚህ የቡራዩ ሰፈር ሰዎች ግን ትንሽ አልነበረም። ክረምት በመጣ ቁጥር ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ከዚህኛው እየተቆራረጠ፣ ነፍሰ ጡር በቃሬዛ እየተሻገረች ስንት ዓመት ኖረዋል። አሁን ኮንክሪቱ ደርቆ ቆሟል። የቀረው ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ጉድጓድ ሞልቶ ድልድዩን ከመንገዱ ጋር ማገናኘት ነው። ይህን ሥራ ትልቁ ሩሎ፣ መንገድ የሚዳምጠው መኪና፣ አይሠራውም። ወደ ግድግዳው ከተጠጋ ክብደቱ ግድግዳውን ይገፋዋል። ስለዚህ እዚያ ጋ ሙሌቱ በእጅ ይበተናል፣ በእጅ ይጠቀጠቃል። የሚሠሩት ዘጠኝ ሴቶች ናቸው፤ መሪያቸው ድንቅቱ ናት።

አሠራሩ ለሚያየው ቀላል ነው። የመጣው ሰሌክት፣ ማለትም ጠጠርና አፈር የተቀላቀለበት የተመረጠ ሙሌት፣ በአካፋ ይበተናል። ውፍረቱ ከአሥራ አምስት ሳንቲሜትር አያልፍም። ውኃ ይርከፈከፍበታል። ከዚያ ጠርዝ ለጠርዝ ይጠቀጠቃል። ሲያልቅ ደግሞ ሌላ አሥራ አምስት። ድንቅቱ በግድግዳው ላይ በከሰል መስመር አስምራለች፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ ንጣፍ ነው። ከማዶ ያለውን ጎን በዚህ መንገድ ጨርሰው አስረክበዋል። በዚህኛው በኩል አራት መስመር ቀርቷቸው ነበር።

መብሩካ ዕቃቸው ከሚያድርበት ከዘበኛው ቤት ደጃፍ ቀድማት ደርሳለች። አብረው መሥራት ከጀመሩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፤ ቁመታቸው እኩል ስለሆነ አንድ መጠቅጠቂያ ይጋራሉ። መብሩካ ጎንበስ ብላ የጆንያውን ሽፋን ገለጠች።

«ጋሼ፣ እንዴት አደሩ? እንቅልፍ ጠገቡ?»

ጋሼ የምትለው መጠቅጠቂያውን ነው። የሌሎቹ ሴቶች መጠቅጠቂያዎች በኮንክሪት የተሞሉ የቀለም ቆርቆሮዎች ናቸው፤ ይሄኛው ግን ብረት ነው። ከታች ወፍራም የብረት ሰሌዳ፣ ከላዩ የተበየደ ቱቦ፣ ከቱቦው ግራና ቀኝ የወጡ ሁለት እጀታዎች። የሠራው የድንቅቱ ባል ዲሪርሳ ነው። በግራው እጀታ ላይ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ ጠቅልሎበታል። ግራው የእሱ ነበር፤ መዳፉ ስለሚልጥበት። ባልና ሚስት በዚህ ብረት ፊት ለፊት ቆመው አሥራ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ዲሪርሳ ካረፈ ሁለት ዓመት ከአራት ወሩ ነው። ግራውን አሁን መብሩካ ትይዘዋለች፤ ላስቲኩን ላለማላላት ትጠነቀቃለች፤ ስለ ላስቲኩ ግን ሁለቱም አንሥተው አያውቁም።

«ዛሬ ጋሼ ይደክማቸዋል» አለች ድንቅቱ። «አራት ንጣፍ እስከ ዘጠኝ ሰዓት።»

«እስከ ዘጠኝ? አንቺ ሴትዮ፣ እኛን ደግሞ ማን ይጠቀጥቀን?»

ጥድፊያው ያለ ምክንያት አልነበረም። ትናንት አንዳቸውም ሥራ አልገቡም። የቡድኑ አባል የኤቢሴ እናት አርፈው ሁሉም ገፈርሳ ቀብር ውለዋል። ዛሬ ደግሞ አሥር ሰዓት ላይ ኢንጂነር ኪዳነወልድ ከላብራቶሪ ባለሙያዋ ጋር መጥቶ ሙሌቱን ይፈትናል። ሰበታ ላይ ስድስት እንዲህ ያሉ ትንንሽ ድልድዮች ሊሠሩ ነው። ኮንትራክተሩ ለሰበታው ሥራ አንድ ሰው ይዞት የሚዘልል የሞተር መጠቅጠቂያ ሊከራይ አስቧል። ኢንጂነሩም ባለፈው ሳምንት በፊታቸው ነው የተናገረው፦ «ይኼኛው ጎን በጥብቀቱ ዘጠና አምስት በመቶ ካመጣ ሰበታም በእጅ ይሠራል። ካላመጣ ቡድኑ እዚሁ ያበቃል።» ዘጠኙም ሰምተዋል። ከዘጠኙ ሰባቱ ቤት የሚያስተዳድሩት ብቻቸውን ነው።

ብረቱን ግራና ቀኝ ይዘው ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ወደ ድልድዩ ወረዱ። ታጥፈው ወንዙ ጋ ሲደርሱ መብሩካ ቆመች።

ጉድጓዱ የለም።

ትናንት ጠዋት ገልባጩ ሲኖ ትራክ አፋፉ ላይ የገለበጠው ሰሌክትም የለም። ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞልቶ፣ ተስተካክሎ፣ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ በጠዋት ፀሐይ ያበራል። በእበት ተለቅልቋል። አንድ ጭረት አይታይበትም። ከዳሩ የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ኢቲቻ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ባለቤታቸው እማማ ጠጅቱ ከጎናቸው ናቸው፤ ከኋላ የሰፈሩ ሰው ተኮልኩሎ የሴቶቹን ፊት ይመለከታል፤ ስጦታ ሰጥቶ ሲፈታ እንደሚያይ ሰው።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ኢቲቻ» አለች ድንቅቱ።

«ነጋዳ፣ ኢንተላ ኮ፣ ነጋዳ ልጄ! እንዴት አደራችሁ? እናቲቱን በደኅና ቀበራችሁ?»

«ቀበርን።»

«እግዜር ያጽናችሁ። እኛም ዝም ብለን አልዋልን። ለቅሶ የሄደ ሰው ሥራ ሜዳ ላይ አይቀርም፤ በአባቶቻችንም ጊዜ ያዘነ ሰው እርሻ በጎረቤት ነው የሚታረሰው። አፈሩ ክምር ሆኖ ስናየው፣ እነዚህ ሴቶች ነገ ደክሟቸው መጥተው ይኼን ሁሉ ከሚያነሡ አልን። ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። አንዱ በጋሪ፣ አንዱ በቅርጫት፣ አንዱ በአህያ። ከዚያ ሁለቱን በሬዎቼን አስገባሁና እስኪመሽ አሽከረከርኳቸው! መጨረሻ ላይ ጠጅቱ ለቀለቀችው።» በከዘራቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉት። «ስሚው! ሰሐን ነው።»

መብሩካ ወደ ድንቅቱ ጆሮ ተጠጋች። «ድንቄ፣ እዚህ ላይ ጤፍ ሊወቃ ነው መኪና ሊሄድ?»

ድንቅቱ አልሳቀችም። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነበር። አራቱም የከሰል መስመሮች ተሸፍነዋል። ስልሳ ሳንቲሜትር፣ በአንድ ጊዜ። የበሬ ኮቴ የረገጠው ላዩን ነው፤ ከሥር ያለው አፈር ከጋሪው እንደተደፋ ነው ያለው። አውድማ ላይ ይህ ምንም አይጎዳም። የሚያስፈልገው ላዩ እንዳይቦንን ብቻ ነው። በዚህ ላይ ግን ሲኖ ይሄድበታል፣ የውኃ ቦቴ ይሄድበታል። ሐምሌ ሲገባ ውኃው ከሥር ይሰርጋል፤ ድልድዩ ይቆማል፣ መንገዱ ይሰምጣል።

«እግዜር ይስጥልን» አለች፤ ከልቧ ነበር። ቀጥላ ልትናገር ስትል ፎርማኑ ወንዳፍራሽ ከኋላ እጇን ጎተታት። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ከሠላሳ ብዙ አላለፈም፤ ሁልጊዜ እንደተጣደፈ ነው።

«እትዬ ድንቅቱ፣ አንድ ጊዜ ወዲህ።» ወደ ባሕር ዛፉ ጥግ ወሰዳት። «ትናንት ማታ መጥቼ አይቼዋለሁ። አውቃለሁ ምን እንደምትይ።»

«ካወቅህ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? ሠላሳ ሰው ላቡን አፍስሶ፣ ሽማግሌው ደረታቸውን ነፍተው ቆመው? ደግሞ ስሚኝ። የላብራቶሪዋ ሊሊ ለምርመራ የምትቆፍረው አንድ ስንዝር ነው። እበቱን ጠርገን ብንጠብቃት ላዩ ጥብቅ ነው፤ ያልፋል። ባያልፍ እኔን በይኝ! አለፈ ማለት ሰበታ ገባችሁ ማለት ነው።»

«ሐምሌስ?»

«ሐምሌ ሩቅ ነው።»

ድንቅቱ ወደ ሴቶቹ ተመለከተች። ኤቢሴ ለቅሶ ቤት ስለሆነች ሰባት ነበሩ። ጥቁር ሻሿን አስራ የመጣችም ነበረች። ሰበታ ለእነሱ የአንድ ዓመት እንጀራ ነው። ወንዳፍራሽም ክፉ ሰው አይደለም፤ ለእነሱ ብሎ ነው። አንድ ስንዝር። ዝም ብትል ማንም አያውቅም ነበር።

«ሩሎው ግድግዳውን ይገፋል ብላችሁ ለእጃችን የሰጣችሁን እምነት ነው» አለችው። «በእጅ የተሠራ ሰመጠ ከተባለ ከዚያ በኋላ ሰበታ ብቻ አይደለም የሚቀርብን።»

«እና ምን ልታደርጊ ነው?»

«አወጣዋለሁ።»

«ሁሉንም? እስከ አሥር ሰዓት? አብደሻል እትዬ!»

ወደ ሰዉ ተመለሰች። ኦቦ ኢቲቻ ፊት ቆማ አንገቷን ዝቅ አደረገች።

«አባቴ፣ አይቀየሙኝ። ይኼ መነሣት አለበት።»

ከኋላ አንዲት ሴት «ምን አለች?» ስትል ሌላዋ በኦሮምኛ መለሰችላት፤ ጉምጉምታው ዙሪያውን ዞረ። የኦቦ ኢቲቻ ፊት ቀላ።

«ምን ጎደለው?»

«ከሥሩ ላላ ያለ ነው።»

«ላላ?» ከዘራቸውን አነሡና መሬቱን በኃይል መቱት። «ይኼ ላላ? አንቺ ልጅ፣ እኔ አውድማ ሳበጅ አንቺ አልተወለድሽም! ስልሳ መኸር የወቃሁበት እጅ ነው ይኼ። አንቺ አፈርን እኔን ልታስተምሪኝ ነው?»

«አውድማውን አንቱ ያውቁታል። የእርስዎ አውድማ በሬ ይሸከማል። ይኼ ግን የተጫነ ሲኖ ሊሸከም ነው።»

«ሲኖው አፉን ይዝጋ!» አሉ ኦቦ ኢቲቻ፤ ሲናደዱ የሚሉት ነገር ይጠፋቸዋል። መብሩካ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ፊቷን አዞረች።

ድንቅቱ አልተከራከረችም። ወንዳፍራሽ ጋ ካሉት ፌሮዎች አንዱን፣ ቁመቱ አንድ ሜትር የሚሆነውን አመጣችና ለሽማግሌው ሰጠቻቸው። «በራስዎ እጅ ይትከሉት። እኔ አልነካውም።»

ኦቦ ኢቲቻ ፌሮውን በሁለት እጃቸው ይዘው አውድማቸው መካከል ቆሙ። ገፉት። አልገባም። ዙሪያቸውን በኩራት አዩ። እንደገና ክብደታቸውን ጥለው ገፉት፤ አንድ ስንዝር ያህል እየተንገጫገጨ ገባ። ከዚያ በኋላ መግፋት አላስፈለጋቸውም። ፌሮው በራሱ ክብደት፣ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላዋ፣ ጉልበታቸው ድረስ ሰጠመ። ሽማግሌው ሚዛናቸውን ስተው ሊወድቁ ሲሉ ወንዳፍራሽ ደገፋቸው።

«አሁን ማዶ እንሂድ» አለች ድንቅቱ በቀስታ። «ጋሼን ይያዙልኝ። ግራውን።»

ብረቱን ይዘው ድልድዩን ተሻገሩ። ባለፈው ወር ሴቶቹ በጨረሱት ጎን ላይ ቆሙ። እሷ ቀኙን፣ እሳቸው የላስቲኩን እጀታ። አንሥተው ጣሉት። ድም አለ። ድምፁ አጭርና ደረቅ ነው፤ ብረቱ እጅን መልሶ ይገፋል። ሦስት ጊዜ መቱ። ከዚያ ተመልሰው አውድማው ላይ ቆሙና አንሥተው ጣሉት። ቡፍ አለ፤ ሆዱ ባዶ የሆነ ነገር ነበር የመሰለው። እበቱ ተሰነጠቀና ብረቱ አንድ ጣት ያህል ገባ።

ኦቦ ኢቲቻ ስንጥቁን አዩት። ከዚያ እማማ ጠጅቱን አዩ። ከሁለቱ መካከል ቀድመው የተናገሩት እማማ ጠጅቱ ናቸው።

«በሬዎቹን ነግሬህ ነበር» አሉ። «ሰው ካለበት ሥራ በሬ ምን ያደርጋል አላልኩህም?»

«የእበቱስ ሐሳብ የማን ነበር?»

«እበቱ ምን ሆነ? እበቱ ንጹሕ ነው!»

መጀመሪያ መብሩካ ናት የሳቀችው፤ ከዚያ ሁሉም ተከተለ። ኦቦ ኢቲቻ ራሳቸው ከንፈራቸውን ነክሰው ሲታገሉ ቆዩና ተሸነፉ። ሳቁ ሲበርድ ጋቢያቸውን አውልቀው አጣጠፉና ለባለቤታቸው ሰጡ። ሸሚዛቸውን ጠቀለሉ።

«ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?»

«አሥር ሰዓት።»

ወደ ሰፈሩ ዞረው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተጣሩ። «ኮታ! ኑ! ያጠፋነውን እናንሣ! አካፋ ያለው አካፋ፣ አህያ ያለው አህያ! በሬ ግን ማንም እንዳያመጣ!»

ወጡ። አስፋልቱ ላይ ሚኒባስ ለመያዝ የቆሙ ሳይቀሩ ቦርሳቸውን አጥር ላይ ሰቅለው ወረዱ። አንዱ አዲስ አበባ ቢሮ የሚገባ ጎረምሳ ከረቫቱን እንዳሰረ አካፋ ይዞ ሲመጣ መብሩካ «ሙሽራው መጣ፣ መንገድ ልቀቁ!» ብላ ተቀበለችው። ድንቅቱ በመጀመሪያ እበቱን ለብቻ አስፈነቀለችና አርቃ አስደፋችው፤ ከሙሌቱ ጋር ከተቀላቀለ በስብሶ ባዶ ቦታ ይተዋል። ከዚያ ስልሳው ሳንቲሜትር በሙሉ ወጣ። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ጉድጓዱ እንደገና ጉድጓድ ሆነ፣ አራቱም የከሰል መስመሮች እንደገና ታዩ።

«አሁን» አለች ድንቅቱ «የሚሠራው እኔ እንዳልኩት ብቻ ነው።»

አንደኛው ንጣፍ ተበተነ። ሰፈርተኛው አካፋ በዝቶለት ሊያበዛው ሲል እሷ በፌሮ እየለካች «ቀንሱ፣ እዚህ ጋ ቀንሱ» ትላለች። ሴቶቹ በጥርሳሙ መቧጠጫ አስተካከሉት። ከወንዙ በጀሪካን የቀዳ ሁሉ ተሰለፈ። ውኃው ሲርከፈከፍ ድንቅቱ ጎንበስ ብላ አንድ እፍኝ አፈር ጨበጠች። ለቀቀችው፤ ፈረሰ። «ገና ነው።» ደግሞ ተርከፈከፈ። ደግሞ ጨበጠች። የጣቶቿን ቅርጽ እንደያዘ መዳፏ ላይ ቀረ፤ እጇን ግን አላረጠበም። «በቃ፤ አንድ ጠብታ እንዳይጨመር!» ኦቦ ኢቲቻ ይህን ሲያዩ እሳቸውም ጨበጡ፣ ለቀቁ፣ አዩ። «የጭቃ ቤት ስንመርግ እንዲህ ነው የምናውቀው» አሉ። «ይኼንን ነው እንግዲህ እኔን ልታስተምሪኝ የነበረው?»

«እንዲያውም ካንቱ ነው የተማርነው» አለች ድንቅቱ።

መጠቅጠቂያዎቹ ተነሡ። አራቱ ቆርቆሮዎች በአራቱ ማዕዘን ጀመሩ። ብረቱን መብሩካ ልትይዝ ስትጠጋ ኦቦ ኢቲቻ ግራውን እጀታ ቀድመው ያዙት። «ያበላሸሁትን እኔ ልምታ» አሉ። መብሩካ ወደ ድንቅቱ አየች፤ ድንቅቱ ራሷን ነቀነቀች። ስልሳ መኸር የወቁት ሽማግሌ በሬ ሲነዱ በሚጠሩበት ድምፅ «ሆ!» አሉ። ሴቶቹ «ሆ!» ብለው መለሱ። አምስቱም መጠቅጠቂያዎች በአንድ ላይ ወደቁ። «ሆ!» አምስቱም በአንድ ላይ ተነሡ። ከዚያ ወዲያ የቆመ የለም። እጅ የደከመው ለሌላ ይሰጣል፤ ባለ ከረቫቱ ጎረምሳ ከረቫቱን ግንባሩ ላይ አስሮ ሁለት ሴት የሚያነሡትን ቆርቆሮ ብቻውን ሊያነሣ ሞክሮ ተሳቀበት። እማማ ጠጅቱ ቆሎ በሰፌድ ይዘው እየዞሩ በየአፉ ያጎርሳሉ። መጀመሪያ ቡፍ ይል የነበረው ቀስ በቀስ ጠነከረ፤ ጠነከረና ድም አለ። ድንቅቱ ከዳር እስከ ዳር እየሰማች ሄደች። «አለቀ። ሁለተኛውን አምጡ።»

ሁለተኛው ስድስት ሰዓት ላይ አለቀ። ምሳ ቆመው ነው የበሉት። ሦስተኛው ከባድ ነበር፤ ፀሐይ በረታች፣ ትከሻ ዛለ። ኦቦ ኢቲቻ «ያርፉ» ቢባሉ አልሰማ አሉ። ግድግዳውና መንገዱ የሚገናኙበትን ጥግ፣ ቆርቆሮ በደንብ የማይደርስበትን፣ እሳቸውና ድንቅቱ ብቻ መቱት። እሷ ዓይኗን ከብረቱ ላይ አላነሣችም። ከማዶ ያሉት እጆች የሽማግሌ እጆች ናቸው፤ አወራረዳቸው ግን የለመደችው ዓይነት ነበር፤ አይጣደፍም፣ ሳይመታ በፊት ትንሽ ይዘገያል።

ሦስተኛው ሲያልቅ መብሩካ ናት ያየችው።

«ድንቄ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ላስቲኩ።»

ግራው እጀታ ባዶ ብረት ሆኗል። የኦቦ ኢቲቻ መዳፍ ላብ ላስቲኩን ፈትቶት ከእግራቸው ሥር ወድቋል፤ ተረግጧል፣ ከሙሌቱ ጋር ተጠቅጥቋል። ሽማግሌው መዳፋቸውን አዩ፤ ተልጦ ነበር፣ አልተሰማቸውም። ምን እንደሆነ ግን ከሁለቱ ሴቶች ፊት ገባቸው።

«የባልሽ ነው?» አሉ።

«የሱ ነው» አለች መብሩካ።

«የት እንደሆነ እናውቃለን፤ ጥጉ ጋ ነው። ልቆፍረው?» ብላ መብሩካ አካፋ አነሣች።

ድንቅቱ ግድግዳውን አየች። አንድ መስመር ቀርቷል። ሰዓቱ ስምንት ከሃያ ነው።

«የተጠቀጠቀ አይቆፈርም» አለች። «አራተኛውን አምጡ።»

ዘጠኝ ሰዓት ከአምሳ ላይ አለቀ። ላዩ ግራጫ ነው፣ አያበራም፣ ከጠዋቱ አውድማ ጋር ውበቱ አይገናኝም። ሰፈሩ በሙሉ ዳር ዳር ቆሟል፤ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም።

ኢንጂነር ኪዳነወልድ መጣ። ሰውየው ብዙ አይናገርም፤ አቧራ እንዳይገባበት ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ይከትታል። ሊሊ ሚዛኗን፣ ጠርሙሷን፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃዋን አወረደች። «ዛሬ ሠርግ አለ እንዴ?» አለች ሰዉን አይታ። ሁሉም እጇን ነው የሚያየው።

መጀመሪያ መካከል ላይ ቆፈረች። አንድ ስንዝር ጉድጓድ፤ የወጣውን አፈር አንድም ፍሬ ሳይወድቅባት ለቅማ መዘነች። በጉድጓዱ ውስጥ ከጠርሙሷ ደረቅ ነጭ አሸዋ አፈሰሰች፤ የገባውን አሸዋ ለክታ የጉድጓዱን ይዘት ታውቃለች። አፈሩን በምድጃዋ አደረቀች፣ እንደገና መዘነች፣ ስልኳ ላይ አሰላች።

«ዘጠና አምስት ነጥብ ሁለት።»

ወንዳፍራሽ አየር ሳበ። ኢንጂነሩ ፊቱን አልለወጠም። «ጠርዙ ላይ።»

ሊሊ ጠርዙ ላይ ቆፈረች። መብሩካ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ዱዓ ታደርጋለች።

«ዘጠና ሰባት።»

«አሁን እዚያ ጥግ» አለ ኢንጂነር ኪዳነወልድ፤ ግድግዳውና መንገዱ ወደሚገናኙበት አመለከተ። «ሁልጊዜ የሚሰምጠው እሱ ነው።» ለአፍታ አሰበና ጨመረ፦ «ጥልቅ አድርጊው። ሁለት ንጣፍ ድረስ።»

ወንዳፍራሽ ፊቱ ነጣ። ወደ ድንቅቱ ዞረ። ጠዋት ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ ይህ ጉድጓድ ምን ያወጣ እንደነበር ሁለቱም አውቀዋል። ድንቅቱ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። የሊሊ መቆፈሪያ እምቢ አለ፤ በመዶሻ መታችው። አፈሩ በፍርፋሪ ሳይሆን በቅርፊት እየተነሣ ወጣ፤ ላስቲኩ ግን ከመካከሉ አልነበረም። አሸዋው ፈሰሰ። ምድጃው ነደደ። የስንት ደቂቃ ጉዳይ ነው፤ ግን ወንዙ እንኳን የቆመ መሰለ።

ሊሊ ስልኳን ሁለት ጊዜ አየች። ደግማ አሰላች።

«ዘጠና ዘጠኝ።»

«ደግመሽ አስይ» አለ ኢንጂነሩ።

«ደግሜያለሁ። ዘጠና ዘጠኝ ነው።»

ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ጥጉን በመዳፉ ነካው። «ይኼን ጥግ የመታው ማን ነው?»

«ኦቦ ኢቲቻና እኔ» አለች ድንቅቱ።

ኢንጂነሩ ሽማግሌውን ከላይ እስከ ታች አያቸው፤ የተጠቀለለ ሸሚዝ፣ የተላጠ መዳፍ፣ በላብ የታጠበ ነጭ ጢም። ወንዳፍራሽ መቆየት አልቻለም፤ የጠዋቱን ሁሉ፣ አውድማውን፣ በሬዎቹን፣ ፌሮውን፣ የራሱን ምክር እንኳን ሳይደብቅ ዘረገፈው። ኢንጂነር ኪዳነወልድ እስከ መጨረሻው ሰማው። ደብተሩን ዘግቶ ብዕሩን ኪሱ ከተተ።

«ሰበታ በእጅ ይሠራል» አለ። «ስድስቱም። መሪዋ እሷ ናት፤ አንተም ከእሷ ትማራለህ።»

እልልታው ከእማማ ጠጅቱ ጀመረና ማዶ ካሉት ቤቶች ተመለሰ። ሰባቱ ሴቶች ተቃቅፈው ዘለሉ፤ የዘለሉበት መሬት ቅንጣት አልተንቀሳቀሰም። መብሩካ ባለ ከረቫቱን ጎረምሳ እጁን ይዛ አሽከረከረችው። አንዷ ወዲያው ለኤቢሴ ስልክ ደወለች፤ ከስልኩ ውስጥ ልቅሶም ሳቅም ተሰማ። ኦቦ ኢቲቻ ድንቅቱ ፊት መጥተው ቆሙና በከዘራቸው ትከሻዋን ነካ አደረጉ።

«ሰበታ ላይ አውድማ የሚያውቅ ሰው ካስፈለገሽ» አሉ «አድራሻዬን ታውቂዋለሽ።»

«በሬዎቹን ግን እዚሁ ይተዉአቸው» አለች መብሩካ ከኋላ፤ ሽማግሌው ከዘራቸውን አንሥተው አባረሯት።

ከዚያም ሁለቱን እጆቻቸውን ወደ ላይ ዘርግተው መረቁ፤ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። ሁሉም አሜን አለ። ሲጨርሱ የመጀመሪያው መኪና፣ የኢንጂነሩ ፒክአፕ፣ ወደ ድልድዩ ወጣ። ሙሌቱን አልፎ ማዶ ደረሰ። ጎማው ጥጉ ላይ ሲያርፍ ድንቅቱ አዳመጠች። ምንም አልተሰማም፤ መሆን ያለበትም እንዲሁ ነበር።

ሰዉ ወደየቤቱ ሲሄድ እሷና መብሩካ ብረቱን ይዘው ወደ ዘበኛው ቤት ወጡ። ድንቅቱ ዛሬ ግራውን ያዘች። ብረቱን ከግድግዳው አስደግፋ፣ አፈሩን በጨርቅ ጠረገችለት፤ ቀኙን እጀታ፣ ከዚያ ግራውን። ጆንያውን አለበሰችው። ነገ ጠዋት ወደ ሰበታ ይጫናል።

በግራው እጀታ ላይ ላስቲኩ የለም።